ኮምቦልቻ–ባሕር ዳር በ50 ደቂቃ? የአንድ የሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጉዞ

ሰውየው ሸዋ ሮቢት ላይ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ልጁ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው። እናቱ ደግሞ «የልጅ ልጄ ጋዋን ለብሳ ሳላይማ አልቀርም» ብለው ቆርጠዋል። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ መኪና ውስጥ ብዙ ሰዓት ከተቀመጡም እግራቸው ያብጣል። እንግዲህ ጥያቄው እኚህን እናት ሳይንገላቱ ባሕር ዳር እንዴት እናድርሳቸው የሚል ነበር።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ። መንገደኛ ጭኖ የሚነሳ አውሮፕላን በሌለበት ከተማ ትኬት መቁረጥ ማለት ሥራው ግማሹ የመኪና መንገድ ማማከር ነው። ደንበኛዬ የሚሳፈረው ከሌላ ከተማ ስለሆነ፣ እዚያ እንዴት እንደሚደርስ ካልተነጋገርን ትኬቱ ብቻውን ምንም አያደርግለትም። ሰውየው ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ ጎራ አለና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የርቀት ማስያ ገጽ ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ 267 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 50 ደቂቃ ይላል።

«ከእኛ ቤት ኮምቦልቻ 150 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ግን 225። ጣርማበርን ሽቅብ ወጥተን ምን አንከራተተን? በአጣዬ፣ በከሚሴ ሜዳ ሜዳውን ሄደን ኮምቦልቻ እንሳፈር፤ በ50 ደቂቃ ባሕር ዳር ነን» አለኝ።

የተናገረው አንድ በአንድ ሲታይ ስህተት የለበትም። ሸዋ ሮቢት በእርግጥም በኮምቦልቻና በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ናት፤ እንዲያውም ወደ ኮምቦልቻ ታደላለች። የመንገዱም ነገር እውነት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ዳገት መኪናው የሚወጣው ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ ነው። ለታመመ ጉልበትና ለደም ግፊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ «አይሆንም» ብዬ ከመመለሴ በፊት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አብረን ብናየው ይሻላል ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 11.08፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.71 ዲግሪ ላይ ይገኛል። የባሕር ዳሩ 11.61 እና 37.32 ላይ ነው። ወደ ሰሜን ያለው ልዩነት 0.53 ዲግሪ፣ ወደ ምዕራብ ያለው 2.39 ዲግሪ ይሆናል። በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር፣ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ደግሞ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን 59፣ ወደ ምዕራብ 261 ኪሎ ሜትር አለ ማለት ነው። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ካሬ ሥሩን ሲያወጡት 267 ይመጣል። ትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎራስ ሕግ ነው፤ ሰውየው በስልኩ ካልኩሌተር ራሱ መታውና ቁጥሩ ሲገጥምለት ፈገግ አለ። ማስያው አልዋሸም። በደቡብ ወሎ ደጋ አናት አልፎ፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ በደቡብ ጎንደር በኩል ባሕር ዳር የሚገባ ቀጥ ያለ መስመር 267 ኪሎ ሜትር ነው።

50 ደቂቃውስ? እሱም የራሱ ቀመር አለው። እንዲህ ያሉ ገጾች ብዙውን ጊዜ አውሮፕላኑ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል ብለው ያሰሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበታል። 267ን ለ800 ሲያካፍሉት 20 ደቂቃ፤ ሠላሳ ሲጨመርበት 50። በአገር ውስጥ በብዛት የምንሳፈርበት ኪው 400 ግን ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ከፍተኛው የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው። አጭር በረራ ላይ ደግሞ እዚያ ፍጥነት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። መንደርደሪያው ጋ ተራ መጠበቅ አለ፣ ሲያርፍም ዞሮ መስመር መያዝ አለ። ከቦሌ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር 253 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ ባሕር ዳር 333 ኪሎ ሜትር ነው። በመካከላቸው የ80 ኪሎ ሜትር ልዩነት ቢኖርም ትኬት ላይ ሁለቱም አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው። በእንዲህ ያለ ርቀት ሰዓቱን የሚበላው መነሳትና ማረፉ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰላነው ግን ለሌለ በረራ ነው። ማስያው ሁለት ነጥብ ይቀበልና በመካከላቸው መስመር ያሰምራል፤ በዚያ መስመር ላይ የሚበር አውሮፕላን መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ሰውየው ስልኩ ላይ ካየው ቁጥር ውስጥ የጎደለው ይህ ብቻ ነበር። ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር በቀጥታ የሚሄድ መደበኛ በረራ የለም። ትኬት መቁረጫው ላይ ዲኤስኢ ብዬ ኮምቦልቻን፣ ቢጄአር ብዬ ባሕር ዳርን አስገብቼ አሳየሁት። የሚመጣው ሁሉ በቦሌ በኩል ነው፤ ኮምቦልቻ–አዲስ አበባ፣ ከዚያ ትራንዚት፣ ከዚያ አዲስ አበባ–ባሕር ዳር።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቁ አልቀረም። የአገር ውስጥ በረራችን እንደ ጋሪ ጎማ ነው፤ ዘንጎቹ ሁሉ መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ መሐሉም ቦሌ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ታሪካዊ መስመር የሚባለው አንዱን አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያሳረፈ ያዞረው ነበር፤ በዲሲ 3 ዘመንም፣ ኋላ በፎከር 50ም። ኪው 400 ከ2010 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ሲገባና ወደየከተማው ቀጥታ በረራ ሲበዛ፣ ከክልል ወደ ክልል ከተማ መዝለሉ እየቀረ መጣ። ለአዲስ አበባ ተጓዥ ጥሩ ነው፤ ወንበሩም ይሞላል። ከወሎ ጎጃም ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ በሸዋ በኩል ሆነ። እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳዝነኛል። ደሴና ባሕር ዳር በአንድ ክልል ውስጥ ያሉ ትልልቅ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው የሚመላለስ ነጋዴ፣ ተማሪና ታማሚ አለ። በመኪና ደግሞ ከኮምቦልቻ በደሴ፣ በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር ዞሮ ባሕር ዳር ለመግባት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። የበሽሎና የዓባይ ገደል ያን ያህል ያስዞራል።

ካርታውን ዘርግቼ ያሳየሁት ነገር ሰውየውን ከሁሉ በላይ አስገረመው። ከኮምቦልቻ ቦሌ የሚዘረጋው ቀጥታ መስመር የሚያልፈው በእኛው በሰሜን ሸዋ አናት፣ በመንዝና በመርሐቤቴ መካከል ባለው ሰማይ ነው። እማማ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን 150 ምናምን ኪሎ ሜትር በመኪና ይሄዳሉ፤ ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍረው ወደ ደቡብ ተመልሰው የራሳቸውን አገር በአየር አልፈው ቦሌ ያርፋሉ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ምዕራብ። 253 እና 333 ሲደመር 586 ኪሎ ሜትር ነው። ማስያው ካሳየው ከእጥፍ ይበልጣል።

ሆኖም የኮምቦልቻን መንገድ በዚህ ብቻ አልጣልኩትም። በአንድ ትኬት ላይ ሁለቱም በረራ ከተያዘ ሻንጣው ኮምቦልቻ ገብቶ ባሕር ዳር ይወጣል፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን የማስተካከል ኃላፊነት የአጓጓዡ ነው። ትኬቱን ነጣጥሎ የገዛ ሰው ግን ቢያመልጠው የራሱ ኪሳራ ነው፤ ይህን ለማንም ሳልናገር አላልፍም። የጣርማበር ዳገትም ይቀራል። ትራንዚቱ አጭር የሆነ ቀን ከተገኘ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ማታ ባሕር ዳር ማደር ይቻላል።

ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነገር ነው። ከቦሌ ባሕር ዳር በቀን ከአንድ በላይ በረራ አለ፤ ኮምቦልቻ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። የክረምት ዳመና ተዘግቶ የጠዋቱ በረራ ቢቀር፣ ቦሌ ላይ ያለ ሰው የከሰዓቱን ይጠብቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ሰው ግን አልጋ ይፈልጋል። የምረቃ በዓል ደግሞ ለማንም አይጠብቅም። ሁለተኛው የእማማ ጉልበት ነው። ኪው 400 የሚሳፈሩት ከበሩ ጋር በሚዘረጋው በራሱ ጠባብ ደረጃ ነው። በቦሌ በኩል ከሄዱ አንዴ ወጥተው አንዴ ይወርዳሉ፤ በኮምቦልቻ ከሄዱ ሁለት ጊዜ ይወጣሉ፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳሉ። ሦስተኛው ዋጋው ነው፤ የሁለት በረራ ክፍያ ለሦስት ሰው ሲባዛ ቀላል አይደለም።

ሰውየው «እሺ፣ ቦሌ ይሁን። ግን እናቴ ሰማይ ላይ ደም ግፊቴ ቢነሳስ እያሉ ነው» አለኝ። ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ ነገርኩት፤ አማክረውም ተፈቅዶላቸዋል። ለእማማ ግን በስልክ ሌላም ነገር ነገርኳቸው። አውሮፕላኑ ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ ውስጡ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። ደብረ ብርሃን ከተማ 2,840 ሜትር ላይ ናት። «እማማ፣ እርስዎ ደብረ ብርሃን እኅትዎ ቤት ሰንብተው ሲመለሱ ምን ሆነው ያውቃሉ? አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ከደብረ ብርሃኑ አይከብድዎትም» ስላቸው ዝም አሉና «እንዲያ ከሆነማ ብርዱ ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ። ጋቢያቸውን እንዲይዙ ተስማማን።

ትኬቱን የቆረጥኩት ለምረቃው ዋዜማ ጠዋት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ርቀቱን በትክክል ያሰላ ሰው ሰዓቱ ላይ ይወድቃልና። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጆቹ ሰዓትና ቀን ነው። 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አይደለም። ጁላይ 8 ሐምሌ 1 ነው፤ ሐምሌ 8 አይደለም። አንድ ሳምንት ዘግይቶ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣማ ብዙ ነው። ስለዚህ ከትኬቱ ጀርባ በእኛ አቆጣጠር ቀኑን፣ በእኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩልን፣ ከሥሩም «11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ኤርፖርት መገኘት» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩለት።

መታወቂያውንም ቀድሜ አየሁት። የእማማ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ለማሳደስ ቀን ስላለን አልተጨነቅንም። ስማቸውን በላቲን ፊደል መታወቂያው ላይ በተጻፈበት ሁኔታ፣ አንድ ፊደል ሳላጎድል ትኬቱ ላይ አስገባሁት። ዊልቸርም የጠየቅሁት ያኔውኑ ነው። ዊልቸር ቀድሞ ከተያዘ ሰው ተመድቦ ይጠብቃል፤ በር ላይ ደርሶ መጠየቅ ግን ወረፋ ነው። እማማ ዊልቸር ሲባሉ ተቆጥተው ነበር። «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ብለዋል። ልጃቸው አግባብቷቸዋል።

ጉዞው ከሸዋ ሮቢት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀመረ። የመኪናውን መንገድ በጊዜ መጀመር እኔም አጥብቄ ያልኩት ነው፤ በክረምት ጣርማበር ላይ ጉሙ ከወረደ ሹፌር ፊቱን አያይም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይብሳል። የመንገዱን ደኅንነትም ማታውኑ ለሚያውቁት ሹፌር ደውለው አጣርተዋል፤ በዚህ ዘመን ያለዚያ የሚነሳ የለም። ደብረ ሲና ላይ ቆመው እማማ ወርደው እግራቸውን አፍታቱ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን የጣርማበር ዋሻ አልፈው ደጋው ላይ ሲወጡ መስኮቱ ተዘጋ፣ ጋቢው ተደረበ። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በልተው፣ ቢሮዬ በር ላይ መኪናው ውስጥ እንዳሉ ሰላም ብያቸው አለፉ። እግራቸው ገና አላበጠም ነበር። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰንዳፋና በለገጣፎ ገብተው ኮተቤ ዘመድ ቤት አረፉ። ኮተቤን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ከሰሜን ሸዋ የሚመጣው መንገድ በዚያው ስለሚገባ ከተማውን ማቋረጥ የለም፤ ሌሊቱን ደግሞ በመገናኛ በኩል ቦሌ ቅርብ ነው።

በማግስቱ ዊልቸሩ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ልጃቸው እንደነገረኝ ፍተሻውን ከሁሉ ቀድመው አልፈው፣ «ምነው ሁሌ እንዲህ ብጓዝ» ብለዋል። ደረጃውን ሁለት ሰው ደግፏቸው ወጡ። ባሕር ዳር ሲያርፉ ጣና በመስኮቱ ታያቸው፤ ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ ነው የደረሱት። ያን ቀን ሙሉ ተኝተው ውለዋል። የምረቃው ዕለት ሜዳው ላይ ጸሐይ ነበር፤ ጃንጥላ ተይዞላቸው እስከ መጨረሻው ተቀምጠዋል።

ስሌቱን ለራሴ ደግሜ አይቼዋለሁ። የሸዋ ሮቢት–አዲስ አበባው መንገድ ከነማረፊያው ስድስት ሰዓት ያህል፣ ኤርፖርት ላይ ሁለት ሰዓት፣ በረራው አንድ ሰዓት፣ ከዚህም ከዚያም የከተማው ጉዞ አንድ ሰዓት፤ ሌሊቱን ሳልቆጥር አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አየር ላይ ያሉት አንዱን ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ሰው በሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም በአዲስ አበባ በኩል በመኪና እስከ ባሕር ዳር ልሂድ ቢል፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ብቻ 550 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ለጤነኛ ወጣት ይሆናል፤ ለእማማ አይሆንም ነበር።

የመልሱን ጉዞ የያዝነው በሁለት ቀን ነው። በረራው ከሰዓት በፊት ቦሌ ቢያደርሳቸውም ያኑ ዕለት ሸዋ ሮቢት ግቡ አላልኳቸውም። ደብረ ብርሃን እኅታቸው ዘንድ አድረው፣ ጠዋት ጉሙ ገለጥ ሲል ጣርማበርን ወረዱ። ሹፌሩ ማታውኑ እንሂድ ብሎ ነበር፤ ልጃቸው እምቢ አለ። ደግ አደረገ።

ይህ መልስ ለሰሜን ሸዋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከደብረ ብርሃን፣ ከምንጃር፣ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ ለሚነሳ ሰው ጥያቄም የለው፤ ቦሌ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሚዛኑ የሚወሰነው በተጓዡ ጤናና በሚሄድበት ቀን ጥብቅነት ነው። አጣዬና ካራ ቆሬ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአጣዬ ኮምቦልቻ 100 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 270 ገደማ። ዳገት ለማይችል ሽማግሌ፣ ቀኑ ለማያስጨንቀው ሰው፣ በአንድ ትኬት በኮምቦልቻና በቦሌ በኩል መሄዱ ይሻላል ብዬ እመክራለሁ። ዋና ሁኔታው የኮምቦልቻው በረራ በዚያ ዕለት መኖሩን ትኬት ሳይቆረጥ ማረጋገጥ፣ ዋዜማውንም ደውሎ እንደገና መጠየቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከካራ ቆሬ አንዲት እናት ጎንደር ልጇ ዘንድ ለመሄድ ደውላልኝ ነበር። ጎንደርም የሚኬደው በቦሌ በኩል ነው። ኮምቦልቻ እንድትሳፈር ቆረጥኩላት፤ የሚያጣድፋት ቀን የላትም፣ ልቧ ደግሞ ዳገት አይወድላትም።